ፋንታሲ ልቦለዴ ምን ላይ ደረሰ

እሺ ወገን፣ የጠንቋዩ ልቦለድ ምን ደረሰ እያላችሁ ለምትጨቀጭቁኝ ይኸው፣ ድራፍቱ ግማሹን አልፏል፣ ዋናው ገፀ ባህሪዬ ደብተራ መርሻም ቀስ በቀስ ሰው እየሆነልኝ ነው።

ታሪኩን ዘመነ መሳፍንት ጎንደር ላይ ነው ያደረግኩት። ሥልጣን ለሚቋምጥ አስማተኛ ከዛ የተሻለ ጊዜ ከየት ይመጣል? ራስ ሚካኤል ስሑል በ1761 ዓ.ም. አፄ ኢዮአስን ካስገደሉ ጀምሮ ካሳ ኃይሉ በ1847 ደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብሎ እስኪነግስ ድረስ ዙፋን ላይ የሚቀመጠው ሌላ የሚያዘው ሌላ ነው፣ ንጉሡን መሳፍንቱ ያነሱታል ይጥሉታል፣ ታድያ መሳፍንቱን የሚያነሳ የሚጥል ማን ይሁን? መርሻ እዛች ክፍተት ላይ ነው የሚገባው።

ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ማጂክ ሲስተሙ ነው፣ አስማቱ በምን ሕግ እንደሚሰራ ማለቴ ነው። ከጣቱ እሳት የሚተፋ ጠንቋይ ለኔ አይዋጥልኝም፣ ጎንደር ላይማ ጭራሽ። ደግነቱ እኛ ጋ ያለው ነገር በቂ ነው፣ የብራና ክታብ እኮ የሚዘጋጀው በባለቤቱ ቁመት ልክ ነው፣ ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እንዲጠብቀው፣ ከዛ የክርስትና ስሙ ይገባበታል፣ ጠልሰሙ (ክታቡ ላይ የሚሳለው የአስማት ሥዕል) ላይ ደሞ እነዛ ትላልቅ ዓይኖች ያፈጡብሃል። የክርስትና ስም ደግሞ መተት ይሰራበታል ተብሎ ለማንም አይነገርም። በቃ ሲስተሜ ይሄው ሆነ፣ ስምና ቁመት የያዘ ሰውየውን ያዘ። መርሻ ማንንም አያስገድድም፣ ሾተላይ ልጆቿን የጨረሰባት እናት ራሷ መጥታ የቀረላትን ልጅ ስም ትነግረዋለች፣ እሱ ክታቡን ከልቡ ይፅፍላታል፣ ስሙን ግን ለብቻው ይመዘግበዋል። ካራክተሩን የወደድኩት እዚህ ጋ ነው፣ ሥልጣን የሚሰበስበው ሰው እየጠበቀ ነው።

እስካሁን በጣም የምወዳት ሲን ደጃዝማቹ ዘመቻ ሊወጣ ሲል ክታብ የሚያሰራባት ናት። መርሻ ቁመት መለኪያ ክሩን ከደጃዝማቹ አናት ላይ ይዞ ወደታች ይለቃል፣ ጫፉን ተረከዙ ጋ ለመያዝ ይንበረከካል፣ ደጃዝማቹ ለክብሩ የተንበረከከለት መስሎት ደስ ይለዋል።

«አንተ ደብተራ፣ ለመቃብርም እንዲህ ነው አሉ የሚለካው።»

«የመቃብሩ ትንሽ ይጨመርበታል ጌታዬ። የክርስትና ስምዎን ማን ልበል?»

ቤቱ ፀጥ ይላል፣ ደጃዝማቹ አጋፋሪውን ሳይቀር ያስወጣና ጆሮው ላይ ይነግረዋል።

ንግግሩ ላይ ግዕዝ እንዳይበዛ እየተጠነቀቅኩ ነው፣ ደብተራ ስለሆነ ብቻ ሁሌ እየጠቀሰ ካወራ አንባቢ ይሰላቻል፣ ደሞ ሥልጣን ፈላጊ ሰው ትንሽ ነው የሚያወራው።

አሁን የቆምኩት ቀጣዩ ላይ ነው። ደጃዝማቹ የተናገረው ስም የራሱ አይደለም፣ የሞተ ወንድሙ ነው፣ እሱም ተንኮለኛ ነዋ። መርሻ ይሄን ከጦርነቱ በኋላ ካወቀ ለአንባቢ ትልቅ ሰርፕራይዝ ይሆናል፣ ከጦርነቱ በፊት ካወቀ ግን እያወቀ የማይሰራ ክታብ አንገቱ ላይ አስሮለት ሊሸኘው ይችላል። እኔ ወደ ሁለተኛው አዘንብያለሁ፣ ምክንያቱም ያኔ መርሻ ራሱ ይወስናል፣ በመጀመሪያው ግን ዝም ብሎ ይደርስበታል። ሁለቱንም ቻፕተር ፅፌ ላነበባችሁት ልኬ እሰማችኋለሁ።