«በቀጥታ» የምትለው ቃል

የሰፈር ታዳጊዎችን የእግር ኳስ ጨዋታ መምራት ከጀመርኩ 9 ዓመት ሆኖኛል፤ የ16 ዓመቷ ልጄ ባንዲራ ይዛ አብራኝ መሥራት የጀመረችው ግን አምና ነው። ኳስን የለመደችው እንደ ብዙ የድሬዳዋ ልጆች በደረቀው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ከወንድሞቿ ጋር ስትራገጥ ሲሆን፣ ለ2015ቱ እና ለ2019ኙ የሴቶች ዓለም ዋንጫ ከተመረጡት ዳኞች አንዷ ልድያ ታፈሰ መሆኗን ከሰማች ወዲህ ፊሽካዬን ከኪሴ እየሰረቀች ትለማመድ ነበር።

የዚያን ቅዳሜ ጨዋታ ሙቀቱ ሳይበረታ ለማስጨረስ ማለዳ አንድ ሰዓት ላይ አስጀመርኩት። ሜዳው ሳቢያን ውስጥ ያለ አሸዋማ ቦታ ነው፤ የኖራው መስመር ልጆቹ በሮጡበት ቁጥር እየተበተነ ይጠፋል። ከጨዋታ በፊት ለረዳቶቼ ሁልጊዜ የምነግራቸው ነገር አለ፤ ግብ ሲቆጠር የተስማማ ረዳት ወደ መሀል ሜዳ ይሮጣል፣ ጥርጣሬ ያለው ደግሞ እኔ ባንዲራውን አውርድ ብለው እንኳ መጥቼ እስካነጋግረው ድረስ ከቦታው አይነቃነቅም። በዚያ ቀን ይህንን ለሌላኛው ረዳት ነገርኩት። ለልጄ አልነገርኳትም፤ አንድ ቤት እያደርን ምን ማብራሪያ ያስፈልጋል ብዬ ነው መሰለኝ፣ በባጃጅ ስንመጣ ስለ ሒሳብ ፈተናዋ ብቻ ስናወራ ደረስን።

በመጀመሪያው አጋማሽ መጨረሻ ገደማ አንዱ ቡድን በልጄ በኩል የእጅ ውርወራ አገኘ። ኳሷ ወደ ግብ ክልሉ ተወረወረች፣ ከተከላካዮቹ ጀርባ ብቻውን የቆመ አጥቂ እግር ሥር ገባች፣ እሱም አገባት። ዞር ስል የልጄ ባንዲራ ወደ ላይ ተሰቅሏል። ከእጅ ውርወራ በቀጥታ ለተገኘ ኳስ ከጨዋታ ውጪ እንደማይባል ማንኛውም ጀማሪ ስለሚያውቀው አፍሬባት፣ ሕዝብ እያየ በእጄ «አውርጂ» አልኳት። ወዲያው አወረደችና ወደ መሀል ሜዳ ሮጠች። መሮጧን ስሕተቷን እንዳመነች ቆጥሬ ግቡን አጸደቅኩት፤ የተቆጠረበት ቡድን አሠልጣኝ «አቦ! ባንዲራውን አላየኸውም እንዴ?» እያለ ሲጮኽ አስጠነቀቅኩት፣ ጨዋታውም ከመሀል ተጀመረ።

በእረፍት ሰዓት የውኃ ጠርሙሱን ስትቀበለኝ ቀና ብላ አላየችኝም። «አባዬ፣ ኳሷ በቀጥታ አልሄደችለትም እኮ፤ ፊት የነበረው አጭሩ ልጅ በፀጉሩ ጨርፏት ነው ያለፈችው» አለችኝ። እኔ የቆምኩት ከልጁ ጀርባ ስለነበር ጭረፋውን አላየሁም። የቡድን ጓደኛው ኳሷን በነካባት ቅጽበት ግን አጥቂው ከመጨረሻው ሁለተኛ ከሆነው ተከላካይ አልፎ ቆሞ ነበር፤ ባንዲራዋ ልክ ነበረች። ሕጉ ደግሞ ዋናው ዳኛ ስሕተቱን ቢያውቅም ጨዋታው ዳግም ከተጀመረ በኋላ ውሳኔውን እንዲቀይር አይፈቅድም።

«ታዲያ ለምን ሮጥሽ?» አልኳት።

«አውርጂ አልከኝ።»

ከሌሎቹ ረዳቶች ማንኛቸውም ቢሆን በዚያ ሰዓት ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። እሷ ግን የታዘዘችው እንደ ረዳት ዳኛ ሳይሆን እቤት «ቴሌቪዥኑን ዝጊ» ስላት እንደምትታዘዘው ነው፤ እንዲህ አድርጌ ያሳደግኳትም እኔው ነኝ። ወደ አሠልጣኙ ሄጄ የሆነውን ስነግረው ከንዴት ይልቅ መገረም ታየበት። «እሷ ካየችው አንተ ምን ትሠራለህ?» ብሎ ፊቱን አዞረ። ጨዋታው 1 ለ 0 አለቀ፤ በሪፖርቱ ላይም ስሕተቱ የእኔ መሆኑን አሰፈርኩ፤ እሷም እንድታነበው ሰጠኋት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለቱን ረዳቶች ጎን ለጎን አቁሜ ማብራሪያውን ከፊሽካው እስከ ባንዲራው አንድ ሳላስቀር ሰጠሁ። ልጄም እንደማታውቀኝ ሆና «ገባኝ ዳኛ» አለች። በሁለተኛው አጋማሽ ግብ ሲቆጠር ልጄ አልሮጠችም፤ ቀጥ ብላ ቆመች። የሁለቱም ቡድን ልጆች እየተከተሉኝ ሜዳውን አቋርጬ ደረስኩና «ምን አየሽ?» አልኳት።

«ግቡ ልክ ነው» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ «የጫማዬ ክር ተፈትቶብኝ ነው።»