የአርባ ልጆች፦ ሴቶች ብቻ የሚኖሩባትን መንደር እንዴት ጻፍኳት

ሴቶች ብቻ የሚኖሩባትን መንደር ዲስቶፒያ፣ ማለትም ኑሮ የከፋባት ምናባዊ ዓለም፣ አድርጌ ስጽፍ የመጀመሪያውን ረቂቅ ያበላሸው ጨካኝ አለቃ መፍጠሬ ነበር። አለንጋ የያዘች እመቤት፣ ዘበኛ፣ ጨለማ ክፍል፣ ሁሉም ነበረበት፤ የሚያስፈራ ግን አልነበረም። አንባቢ ክፉዋን ሴትዮ ጠልቶ ይገላገላል፤ እሷ ብትሞት ነገሩ ሁሉ የሚስተካከል ይመስለዋል። ስለዚህ አለቃዋን አውጥቼ በቦታዋ የሂሳብ መዝገብ አስገባሁ። ልብ ወለዱ የቆመው በዚያ መዝገብ ላይ ነው።

የነዋሪዎቹን ቁጥር 400 አደረግሁ። በጣም ካነሱ ሐሜት ብቻውን ይገዛቸዋል፣ ሕግ አያስፈልጋቸውም፤ በጣም ከበዙ ደግሞ አንባቢ ሰፈሩን በአእምሮው መያዝ ያቅተዋል። እያንዳንዷ በአማካይ 65 ዓመት ብትኖር በዓመት 6 ያህል ይሞታሉ። ቁጥሩ እንዳይጎድል በዓመት 6 ሴት ልጆች መወለድ አለባቸው። 6 ሴት እንዲወለድ ደግሞ 12 ገደማ ወሊድ ያስፈልጋል፤ ወንድና ሴት የሚወለዱት ግማሽ በግማሽ ገደማ ነውና። እንግዲህ በየዓመቱ 6 ወንዶች ይወለዳሉ፤ በ10 ዓመት 60። የት ይገባሉ? ይህን ጥያቄ ሳልመልስ አንድም ትዕይንት ላለመጻፍ ወሰንኩ። የሚሰቀጥጠው ነገር ከማንም ክፋት ሳይመጣ፣ ከመደመርና ከማካፈል ብቻ ሲወለድ አየሁት።

ልጆቹ እንዴት ይጸነሳሉ? አንደኛው መንገድ ያለ ወንድ መጽነስ ነው። በ1915 እ.ኤ.አ. የወጣው የሻርሎት ፐርኪንስ ጊልማን «ኸርላንድ» የተባለው ልብ ወለድ የመረጠው ይህንን ነው። ሳይንሱም ጨርሶ በሩን አልዘጋም፤ በ2004 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ከሁለት እናቶች እንቁላል፣ ያለ አባት፣ አይጥ ተወልዳ አድጋለች። ከ450 በላይ እንቁላሎች ተሞክረው ለመውለድ የበቃችው ግን እሷ ብቻ ነበረች። እኔ የተውኩት በሌላ ምክንያት ነው፦ ከሁለት እናቶች የሚገኝ ፅንስ ዋይ ክሮሞዞም ስለማይኖረው ሁልጊዜ ሴት ይሆናል። ስድስቱ ወንዶች ካልተወለዱ ደግሞ የኔ ታሪክ የለም።

ስለዚህ ሁለተኛውን ወሰድኩ፤ በፈሳሽ ናይትሮጅን የተቀመጠ የወንድ ዘር። ከብት አዳቃዮች በየገጠሩ ይዘውት የሚዞሩትን ኮንቴይነር ያየ ሰው እቃውን ያውቀዋል። ውስጡ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ብዙ ጸሐፊ የሚስተው አንድ ነገር አለ፣ እኔም ስቼው ነበር፦ ናይትሮጅኑ ክዳኑ ተዘግቶም ይተናል። በረቂቄ ኮንቴይነሩ ናይትሮጅን ሳይጨመርበት 10 ዓመት ተቀምጦ ይሠራ ነበር። በእውነት ግን እንደ መጠኑ በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ይጎድላል፤ ከጎደለ በኋላ ዘሩ ይሞታል፣ መሞቱም በዓይን አይታይም። ልኩ የሚታወቀው ዘንግ ነክሮ አውጥቶ አመዳይ የያዘበትን ከፍታ በመለካት ነው። ይህን ካወቅሁ በኋላ የመንደሯ ሥልጣን ያለአንዳች ንግግር ቦታውን አገኘ፦ ዘንጉን የምትይዘው ሴት ናት የምትፈራው። ናይትሮጅኑን የሚያመጣ መኪና ከውጭ መምጣት አለበት፤ ስለዚህ የውጩ ዓለም ጠፍቷል ማለት አልቻልኩም። አጥሩ ቀረ፣ በሩም ቀረ፣ ከበሩ ውጭ ውል የተዋዋለ ሰው ኖረ።

ወደ እህሉ። ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ብንል ለ400 ሰው 60 ኩንታል፣ በዓመት 720 ኩንታል ነው። ከሄክታር 18 ኩንታል ጤፍ ቢገኝ 40 ሄክታር፣ በኛ ልኬት 160 ጥማድ ገደማ መሬት ይሆናል። ጤፍ ደጋግሞ መታረስ ይፈልጋል፤ 4 ጊዜ ቢታረስ 640 የእርሻ ቀን፣ 10 ጥንድ በሬ ቢኖር ለእያንዳንዱ ጥንድ 64 ቀን ነው። በመጀመሪያው ረቂቅ ይህን ሁሉ «ሴቶቹ ያርሳሉ» ብዬ በሁለት ቃል አልፌው ነበር። ይህ ትልቅ ጥፋት ነው። በደጋው አገራችን ሴት ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ ትሸከማለች፤ እርፍ መጨበጥ ግን የወንድ ሥራ ተብሎ ስለኖረ፣ ባል የሌላት ሴት መሬቷን ለእኩል ትሰጣለች። ስለዚህ ሞፈርና ቀንበር የምታገናኝ፣ ማረሻ የምታስተካክል፣ በቀንበሩ ሥር የተገተረ በሬ የምትመልስ ልጃገረድ በዝርዝር መታየት አለባት። በሬውስ? በሬ ማለት የተኮላሸ ወይፈን ነው። መንደሯ የወንድ ጥጃን ጉዳይ እንዴት እንደምትፈታ ጠንቅቃ ታውቃለች። የማኮላሸቱን ትዕይንት ከመጀመሪያው ወሊድ አንድ ምዕራፍ አስቀድሜ አስገባሁት፣ አንዲት ቃል ማብራሪያም አልጨመርኩበትም።

ዶሮም እንዲሁ። ቤቷ ወንድ የሌለባት ሴት ዶሮዋን ይዛ ደጅ ቆማ የሚባርክላት መንገደኛ ስትጠብቅ ያላየ አንባቢ ጥቂት ነው። መንገደኛ በሌለበት መንደር የመጀመሪያውን ቢላዋ ማን አነሳች? አንድ ገጽ ሰጠሁት፤ ከዚያ በኋላ በጾም ፍቺ ሁሉ ያቺ ሴት በሌሎቹ ዘንድ የምትታይበት ዓይን ተለወጠ።

ሃይማኖቱን ልዘለው ፈልጌ አልቻልኩም፤ ገጸ ባሕርያቴ ኦርቶዶክሶች ናቸው። ቅዳሴ ቢያንስ 5 ልዑካን ይፈልጋል፣ 2 ቄስና 3 ዲያቆን። ስለዚህ በአጥሩ ሥር ባለችው ቤተ ክርስቲያን በየሰንበቱ 5 ወንዶች ይታያሉ፣ ከዲያቆናቱም ልጅ የሆነ አይጠፋም። ጥምቀትም አለ፤ ወንድ በ40 ቀን፣ ሴት በ80። መንደሯ ውስጥ «ወንድ» የሚለው ቃል ቀስ በቀስ ጠፍቶ «የአርባ ልጅ» የሚባለው ከዚህ መጣ። በመጀመሪያ ወንዶቹን በ40ኛው ቀን አስወጥቼያቸው ነበር፤ ስህተት ነው። ጡት የሚጠባ ሕፃን ያለ እናቱ፣ ያለ ዱቄት ወተትና ያለ ንጹሕ ውሃ አይቆይም፣ መንደሯ ደግሞ ራሷን ነፍሰ ገዳይ አድርጋ ማየት አትፈልግም። ስለዚህ መውጫቸውን 2 ዓመት፣ ጡት የሚጥሉበት ጊዜ ላይ አደረግሁት። ሂሳቡ ሲሠራ በማንኛውም ቀን 12 ያህል ወንድ ሕፃናት በመንደሯ ውስጥ እየዳኹና እየሮጡ ነው። እናቲቱም የምትለየው እየጠራት የሚሮጥ ልጅ ነው።

ከሁሉ በላይ የደከምኩት በሰዋስው ነው። የአማርኛ ግስ ጾታን አይደብቅም። በር ሲንኳኳ «ማነው?» እንላለን፤ እዚያ ያደገች ልጅ ግን «ማናት?» ነው የምትለው። ንግግሮቹን ሁሉ አንድ በአንድ እያነበብኩ ከእጄ ያመለጡ «ማንም አልመጣም»፣ «ሰው አየኝ» የሚሉትን መረመርኩ። አሮጊቶቹ ከውጭ ስለመጡ ይሏቸዋል፣ እዚያ የተወለዱት አይሏቸውም፤ ትውልዱ ያለ ማብራሪያ ተለየ። ብዙ ቁጥር ደግሞ ጾታን ይሰውራል፤ «ልጆች ተሸኙ» ሲባል ማን እንደተሸኘ አይታወቅም። የመዝገቡን ሕግ በሙሉ በብዙ ቁጥር ጻፍኩት፤ «ተሸኘ» የሚለው ነጠላ ግስ በመጽሐፉ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ፣ መዝገብ ጸሐፊዋ እጇ ሲያመልጣት ይገኛል። ለተባዕት የሚነገር ትእዛዝ የቀረው ለበሬ ብቻ ነው፦ ና፣ ዙር፣ ቁም። ሕፃናቱ ወንዱም ሴቱም «ነይ» እየተባሉ ነው የሚያድጉት።

በእውን ያሉትን የሴቶች መንደሮችም አይቻለሁ። በኬንያ ሳምቡሩ በ1990 እ.ኤ.አ. ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶች የመሠረቷት ኡሞጃ ውስጥ ወንዶች ልጆች ከእናቶቻቸው ጋር ያድጋሉ። በመካከለኛው ዘመን በፍላንደርስ፣ በዛሬዋ ቤልጂየም አካባቢ፣ ባሉ ከተሞች በኅብረት ይኖሩ የነበሩት ቤጊን የተባሉ ሴቶችም የዘላለም ስእለት አልነበረባቸውም፤ ያሻት ወጥታ ታገባ ነበር። እነዚህ መጠጊያዎች ናቸው፤ ዲስቶፒያ እያሉ ማጣቀስ ነውር ነው። ስለዚህ መንደሬንም በመጠጊያነት ጀመርኳት፤ የመጀመሪያዎቹን ሴቶች ምን እንዳሳደዳቸው አንባቢ እንዲያውቅ፣ በሩን የቆለፉትም ራሳቸው፣ ከውስጥ እንዲሆኑ አደረግሁ። ልጆቻቸው ቁልፉን ሲወርሱ ግን ቁልፉ የት እንደሚቀመጥ የሚያውቁት 3 ሴቶች ብቻ ናቸው።

መጨረሻውን 5 ጊዜ ጽፌዋለሁ። በቅዳሴ ላይ መብራት የያዘ የ9 ዓመት ዲያቆን ልጇን የሸኘች እናት ፊት ይቆማል፤ ግንባሩ የእሷ ነው። በአራቱ ረቂቆች «ልጄ፣ ና» አልኳት፣ አራቱም ጊዜ ሐሰት ሆነ። ና የምትለው ለበሬ ነው። በአምስተኛው በሹክሹክታ «ነይ» አለችው። አጠገባቸው የቆሙት ቄስ፣ ወንድ ልጅን በሴት አንቀጽ ማቆላመጥ እሳቸውም ዘንድ ያለ ነገርና፣ ደግ ሴት ሕፃን ስታባብል መስሏቸው ዝም አሉ። ልጁ ግን መብራቱን እንደያዘ ዞረ።