ያ የአረፋ ጥብስ

ጅማ ያደገ ሰው የማወራው ነገር ይገባዋል። እኛ ሰፈር አጥሩ ለስም ነበር፣ ጎረቤቶቻችን ሙስሊም እኛ ክርስቲያን፣ ቡናው ጠዋት እኛ ጋ ከሰዓት እነሱ ጋ ይፈላል። እናቴና የጎረቤታችን እማማ ሐሙስ ገበያ አብረው ይወርዱና እግራቸው አንድ ላይ የታሰረ ሁለት ዶሮ ተከራክረው ገዝተው አንድ አንድ ይካፈላሉ። እኛ ጋ የመጣው ወደ ምስራቅ ዞሮ በስመ አብ ተብሎ ይታረዳል፣ እነሱ ጋ የሄደው ወደ ቂብላ ዞሮ ቢስሚላህ ይባልበታል። በቃ ከዛ በኋላ ያ ዶሮ ለኛ ዶሮ አይደለም፣ የእስላም ሥጋ ነው።

ስምንት ዓመቴ ላይ በአረፋ ቀን እነሱ ቤት ስጫወት ውዬ ጥብሱ ሸተተኝና ከጓደኛዬ ጋር በላሁ። እማማ ጓዳ ስለነበሩ አላዩኝም፣ ቢያዩኝ ቀድመው እጄን የሚይዙኝ እሳቸው ነበሩ ምክንያቱም የክርስቲያን ልጅ የነሱን ሥጋ ማብላት እሳቸውም ዘንድ ትልቅ ነውር ነው። ጣፈጠኝ እውነቴን ነው። ቤት ገብቼ እናቴ ጣቴ ላይ ያለውን ቅባት አይታ "የት በላህ?" ስትለኝ ግን ሆዴ ተገለበጠ፣ እዛው በረንዳው ላይ አስመለሰኝ። በሆዴ ይዤው ሁለት ሰዓት ስሮጥ ምንም አላለኝም እኮ! በማግስቱ የንስሐ አባታችን ጋ ተወስጄ ጠበል ተረጨሁ። ጓደኛዬም በሌላ ጊዜ እኛ ቤት የገና ዶሮ ወጥ ቀምሶ በአለንጋ ተገርፏል፣ ስለዚህ ሂሳቡ እኩል ነው።

እኛ ቤት ነውር ይባላል፣ ቄሱ ጋ ኃጢአት፣ እነሱ ጋ ሐራም፣ እማማ ደግሞ ታላቅ ሰው ሳናከብር ስናልፍ ካዩን በኦሮምኛ "ሰፉ!" ይሉናል። ጠላው እኛ ጋ ለማኅበር ይጠመቃል እነሱ ጋ ክልክል ነው፣ ጫቱ እነሱ ጋ ዱአ ላይ ይቀርባል እኛ ጋ የቃመ ልጅ አበቃለት። ይሄን ሁሉ አይቼ ዩኒቨርሲቲ ስገባ "ጥሩና መጥፎ የሚባል ነገር የለም ሁሉም አስተዳደግ ነው" እያልኩ ዶርም የማደርቅ ሰው ሆንኩ (ፍሬሽማን ያልተፈላሰፈ ማን አለ)።

አንድ ቀን እንግዳ ይዤ ጅሬን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወጣሁ። ከላይ ሆኜ ከተማዋን ቁልቁል እያየሁ ስለ ድሮው የሂርማታ ገበያ ማሰብ ጀመርኩ። እዛ ሐሙስ ሐሙስ ቡናና ማር ብቻ አልነበረም የሚሸጠው፣ ከከፋ ከዳውሮ የመጣ ሰውም ይሸጥ ነበር። የሚሸጡትም የሚገዙትም ይሰግዳሉ፣ ይጾማሉ፣ ለድሃ ይመጸውታሉ፣ ከሰሜን የመጡት ክርስቲያኖችም ቢሆኑ እጃቸው ንጹህ አይደለም። ባርነት በአዋጅ ሙሉ በሙሉ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው፣ አያቴ ያኔ ተወልዳለች። እና እንደ ፍሬሽማንነቴ "ለነሱ አስተዳደጋቸው ነው" ብዬ ልለፈው? ገበያ መሃል የቆመችው ልጅ ጋ ሄጄ እንደዛ ልበላት?

በባጃጅ ስወርድ ደሞ ሌላ ነገር መጣብኝ። ያን ቀን በረንዳው ላይ ያስመለስኩትን የጠረገችው ሠራተኛችን ናት። ከዳውሮ ነው የመጣችው፣ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው። እኛ በልተን ስንነሳ የተረፈውን ማዕድ ቤት ሄዳ ትበላለች፣ ማታ እዛው ማዳበሪያ አንጥፋ ትተኛለች። የሰው ቤት መረቅ ጠብታ ድስቷ ውስጥ እንዳይገባ የምትጠነቀቀው እናቴ በዚህ ሆዷ ተገልብጦ አያውቅም፣ የኔም አልተገለበጠም። እማማም ቤት እንደሷ ያለች ልጅ ነበረች። በሥጋ የማይገናኙት ሁለት ቤቶች በዚህ ምንም ልዩነት አልነበራቸውም።

ባለፈው ሳምንት ደወልኩላት። "እማ፣ ያቺ ከዳውሮ የመጣችው ልጅ ስሟ ማን ነበር?" አልኳት።

"የትኛዋ?" አለችኝ።