ጊታሩ የት ገባ?

በደሴ የተቀረጸ አንድ የአማርኛ ሮክ አልበም እንደወጣ ሁለት የማይገናኙ አስተያየቶች ተሰጡበት። በኢርፎን የሰሙት ልጆች ጊታሩ ከግራም ከቀኝም ይከባል፣ ሙሉ ነው አሉ። በካፌ፣ በባጃጅና በስልክ ስፒከር የሰሙት ደግሞ ባዶ ሆነባቸው። አራዳ አካባቢ ያሉ አንዲት የካፌ ባለቤት ሙዚቀኛውን አስጠርተው፣ «ልጄ፣ ድምፅህ ደህና ነው፤ የሚያጅብህ ሰው አጣህ እንዴ?» አሉት። የተወደደው ማሲንቆ የገባበት አንድ ዘፈን ብቻ ሆነ። ሙዚቀኛውም «ወሎ የሚፈልገው ማሲንቆ ነው፤ ሮክ እዚህ አይሰማም» ብሎ ደመደመና ለሚቀጥለው ሥራ ጊታሩን ሊቀንስ አሰበ።

ሰዎቹ ግን ሮኩን መች ሰሙትና ይጠሉታል?

ነገሩ የተበላሸው ስቱዲዮ ውስጥ ነው። መብራት እየሄደ እየመጣ ስላስቸገረ እያንዳንዱ የጊታር ክፍል የተቀረጸው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። ሚክስ የሚያደርገው፣ ማለትም የተቀረጹትን ድምፆች የሚያዋህደው ባለሙያ፣ ድምፁን ለማስፋት አቋራጭ ፈለገ። የጊታሩን ትራክ (ቅጂ) ኮፒ አደረገ፤ አንዱን ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ፣ ሌላውን ሙሉ በሙሉ ወደ ቀኝ ወሰደ፤ ከዚያ የቀኙን የፌዝ ቁልፍ ተጭኖ ሞገዱን ገለበጠው። በሄድፎን ሲሰማ ያስደንቃል፣ ምክንያቱም ግራ ጆሮና ቀኝ ጆሮ የሚደርሳቸው ለየብቻ ነው። ሁለቱ ቻናሎች አንድ ላይ ሲደመሩ ግን የግራው ሞገድ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር የቀኙ በዚያው መጠን ወደ ታች ይወርዳል፤ ውጤቱ ዜሮ ነው። ያልተገለበጡ ሁለት አንድ ዓይነት ትራኮች ሲደመሩ 6 ዴሲቤል ይጨምራሉ፤ አንዱ ሲገለበጥ ምንም አይቀርም። ድምፃዊው፣ ቤዙና ከበሮው መሃል ላይ ስለነበሩ አልተነኩም። ማሲንቆውም በአንድ ማይክ ተቀርጾ መሃል ላይ ስለተቀመጠ በሄደበት ሁሉ በደንብ ተሰማ። ዝናውን ያገኘው እንዲህ ነው።

ግራና ቀኝ የሚደመርበት ቦታ ደግሞ ብዙ ነው። ካፌዎች አንዱን ስፒከር ውስጥ፣ ሌላውን በረንዳ ላይ ስለሚሰቅሉ አምፕሊፋየሩን ሞኖ ያደርጉታል፣ ግራና ቀኙን ደምረው አንድ ድምፅ ያደርጉታል ማለት ነው፤ አለዚያ የበረንዳው ደንበኛ ግማሹን ሙዚቃ ብቻ ይሰማል። ብዙ ርካሽ ስልኮች ያላቸው አንድ ስፒከር ነው። ኤፍኤም ሬዲዮም የራሱ ጠባይ አለው። ጣቢያው በዋናነት የሚልከው የግራና የቀኝ ድምር ነው፤ የሁለቱን ልዩነት ለብቻው በ38 ኪሎ ኸርዝ ንዑስ ሞገድ ላይ ጭኖ ይልካል። ሲግናሉ ሲደክም ብዙ የመኪና ሬዲዮዎች ሹክሹክታውን ለመቀነስ ያንን የልዩነት ክፍል እየጣሉ ወደ ሞኖ ይገባሉ። በጦሳ ጥግ ወይም በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ ይህ የተለመደ ነው። የተገለበጠው ጊታር ያለው ደግሞ በዚያ በሚጣለው ክፍል ውስጥ ብቻ ነበር።

ምርመራውን ለጊዜው ያሳሳተ አንድ ሚኒባስም ነበር። እዚያ ውስጥ ጊታሩ ፊት ለፊት ይሰማል፤ የራቀው ድምፃዊውና ቤዙ ነው። ሹፌሩ «የእኔ ቴፕ ምንም አልሆነም» ብሎ ተከራክሯል። ኋላ ሲታይ የአንዱ በር ስፒከር ቀይና ጥቁር ሽቦ ተቀያይሮ ተገጥሟል፤ የተገለበጠውን መልሶ ገልብጦታል። ስለዚህ ሚክስ የሚፈተንበት መኪና መጀመሪያ ራሱ መፈተን አለበት። ቤዙ የሳሳ ከመሰለ የአንዱን ስፒከር ሽቦ ቀያይሮ መስማት ነው፤ ቤዙ ከወፈረ ትክክለኛው ያ ነው።

ስቱዲዮ ውስጥ ግን ፍተሻው አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ማስተሩ (ሁሉም ድምፅ ተደምሮ የሚወጣበት) ላይ ሞኖ ቁልፉን ተጭኖ የትኛው መሣሪያ እንደሚጠፋ ማዳመጥ ብቻ ነው። የኮሪሌሽን (የግራና የቀኝ መመሳሰል) መለኪያ ካለ +1 ግራና ቀኝ አንድ መሆናቸውን፣ 0 አካባቢ የተለያዩ መሆናቸውን፣ −1 ደግሞ እርስ በርስ መጠፋፋታቸውን ያሳያል። ጊታሩ ብቻውን ሲከፈት መርፌው −1 ላይ ተጣብቆ ነበር።

መጀመሪያ የተሞከረው መፍትሔ ግልበጣውን ትቶ የቀኙን ኮፒ በ12 ሚሊ ሰከንድ ማዘግየት ነበር። ይህም አላዋጣም። በዚያ መዘግየት ሞኖ ሲደረግ 42፣ 125፣ 208 ኸርዝ እያለ በየ83 ኸርዙ ድምፁ ይቦረቦራል፤ ጊታሩ በቱቦ ውስጥ እንደሚናገር ሰው ይሆናል። ኮፒ ምንም ቢደረግ ኮፒ ነው። ያለው መንገድ እንደገና ተጫውቶ መቅረጽ ነው። ፕሮዲዩሰሩ ቡች ቪግ በ1991 በወጣው የኒርቫና አልበም ላይ ኩርት ኮቤይን ጊታርና ድምፁን ደግሞ እንዲቀርጽ ወትውቶታል። ሁለት የእጅ ምቶች መቼም አንድ አይሆኑም፤ ስለማይገጥሙም አይጠፋፉም።

አቀራረጹ እንዲህ ሆነ። ማይኩ ከአምፑ ስፒከር 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከመሃሉ ትንሽ ወደ ጠርዝ ተጠጋ። ዲስቶርሽኑ (ጊታሩን የሚያሻክረው ኢፌክት) ለአንድ ጊታር ከሚበቃው ዝቅ ተደረገ፤ ሁለቱ ሲደራረቡ ስለሚወፍር፣ ካልተቀነሰ ጭቃ ይሆናል። ለሁለተኛው ቅጂ የጊታሩ ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት የሚቀበለው ክፍል) ተቀየረ። ቅኝቱ በየቅጂው መፈተሽ ነበረበት፦ አንዱ ጊታር 440፣ ሌላው 442 ኸርዝ ላይ ከሆነ በሰከንድ ሁለት ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ይፈጠራል። በደሴ ብርድ የብረት ክር ይሸማቀቅና ድምፁ ይወጣል፤ ሲጫወቱት ሞቆ ይወርዳል። ስለዚህ መቃኘት ያለበት ትንሽ ከተጫወቱ በኋላ ነው።

ሮክ ለወሎ ጆሮ ባዕድ ነው የሚለውም ነገር በሙዚቃው ውስጥ ድጋፍ የለውም። ጃኖ ባንድ በ2012 «ኤርታሌ»ን ሲያወጣ የአማርኛ ሮክ ሰሚ እንዳለው ታይቷል። የወሎን ቅኝት አምባሰልን እንይ፦ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት (ፍላት ማለት ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ)። የሮክ ጊታር የሚወደው ሁለት ድምፅ ብቻ፣ መነሻውና ከእሱ አምስተኛው፣ ያለው ፓወር ኮርድ በዶ፣ በሬ ፍላትና በፋ ላይ ከቅኝቱ ሳይወጣ ይገጥማል። በሶልና በላ ፍላት ላይ ግን ሬና ሚ ፍላትን ይጠራል፤ ሁለቱም ከአምባሰል ውጭ ናቸው። አልበሙ በሦስቱ ላይ ብቻ መቆሙ አቀናባሪው ቅኝቱን ጠንቅቆ እንደሚያውቅ ያሳያል። በስቱዲዮ አቋራጭ የተቀበረው ይህን ያህል የታሰበበት ሥራ ነው፤ የሚያሳዝነውም ይኸው ነው።

አዲሱ ሚክስ ሲወጣ ሌላ ወጪ መጣ። ጊታሩ እንደገና ስለተቀረጸ እያንዳንዱ ዘፈን አዲስ የአይኤስአርሲ ቁጥር (እያንዳንዱን ቅጂ የሚለይ ዓለም አቀፍ መለያ) ያስፈልገዋል። ዩቲዩብ ላይ የተጫነ ቪዲዮ ፋይሉ አይተካም፤ አዲስ መጫን ግድ ነው፣ የድሮው ተመልካችና አስተያየት ከድሮው ጋር ይቀራል። ከሁሉ የከበደው በቴሌግራምና በፍላሽ የተበተነው የመጀመሪያው ቅጂ ነው። እሱን መሰብሰብ አይቻልም። ስለዚህ የአዲሱ ፋይል ስም ላይ «አዲስ ሚክስ» ተብሎ ተጻፈበትና ፒያሳ ላይ ፍላሽ ለሚሞሉ ሱቆች በነፃ ታደለ፤ ባለሱቆቹም የድሮውን ፎልደር ፊት ለፊት እንዲያጠፉት ተደረገ።