ጾመኛው ትራክተር

አጎቴ ቡሬ አካባቢ በቆሎ ያመርታል፣ የሚያርሰውም በዕድሜ እኔን በሚበልጥ አሮጌ ትራክተር ነው። ባለፈው ሰኔ ደወለና «ይሄ ነገር አልነሳም ብሏል፣ ኤሌትሪክ ተምረህ የለ፣ ና እስኪ» አለኝ። የተማርኩት የቤት ኤሌትሪክ ነው፣ ግን አጎት ሲጠራ እምቢ አይባል፣ ቴስተሬን ይዤ ሄድኩ።

ጠዋት ቁልፉን ታዞራለህ፣ ዝም። ቀጭ እንኳን አይልም። 9 ሰዓት ላይ ያው ቁልፍ ሲዞር ግን ዱግ ዱግ ብሎ ይነሳል። አጎቴ ምርመራውን ጨርሶ ነው የጠበቀኝ፦ «የሰኔ ጾም ከገባ ጀምሮ ነው። ሳያስቀድስ አይነሳም!» ሳቅኩ። በነጋታውም እንደዛው ሲሆን መሳቄን ተውኩ።

ባትሪውን ለካሁ፣ 12.6 ቮልት፣ ሙሉ ነው። ራሱ ላይ ያለውን ነጭ ዝገት በሙቅ ውሃ አጠብኩ፣ ባትሪውን ከትራክተሩ አካል ጋር የሚያገናኘውን የማሳ ገመድ ፈትቼ ቀለሙን ፍቄ መልሼ አሰርኩ፣ ዝም። ከዛ ሞተሩን የሚያስነሳውን ሞተሪኖ አወረድኩታ! ካርቦኑ ደህና ነበር ግን አንዴ ከፈታሁት ባዶ እጄን አልመልሰውም ብዬ አስቀየርኩት። መልሰን ስንገጥመው፣ ዝም። (ቁልፉ ሲዞር ወደ ሶሌኖይዱ፣ ለሞተሪኖው ኃይል ወደሚለቀው ማብሪያ፣ በምትሄደው ቀጭን ሽቦ ኃይል ይመጣል አይመጣም ብሎ በቴስተር ማየት የሁለት ደቂቃ ስራ ነው፣ ካልመጣ ሞተሪኖው ምንም ጥፋት የለበትም። እኔ ይሄን ያደረግኩት በአራተኛው ቀን ነው፣ ለአጎቴ እንዳትነግሩብኝ።)

በመሀል ከፍኖተ ሰላም መካኒክ ተጠርቶ 10 ሰዓት ላይ ደረሰ። ቁልፉን ሲያዞረው በአንዴ ተነሳ። «ጋሼ፣ ይሄ ምን ሆነ ብላችሁ ነው?» አለ፣ ጠላውን ጠጣ፣ የመጣበትን ተቀበለ፣ ሄደ።

በአራተኛው ቀን ቀጭኗ ሽቦ ላይ ኃይል እንደማይመጣ አየሁና በቃ ጀግና ሆንኩ፣ ካቻቢቴ አምጥቼ ሞተሪኖው ላይ በቀጥታ አገናኘሁት። ተነሳ! ተነስቶም መሄድ ጀመረ። ማርሹ ፎሌ ላይ ነው፣ ማለትም አልገባም፣ ብዬ ነበር፣ ግን ዘንጉ ከማርጀቱ የተነሳ ወዲህ ወዲያ ስለሚወዛወዝ የት እንዳለ በዓይን አይለይም። የኋላው ጎማ ፊት ቆሜ ስለነበር እንዴት እንደዘለልኩ አላውቅም፣ ትራክተሩ ቀስ እያለ፣ እንደ ሽማግሌ፣ አጥሩን ጥሶ የአክስቴ ጎመን ውስጥ ገባ። ሮጬ ወጥቼ ቁልፉን ዘጋሁ። የድሮ ናፍጣ ሞተር ደግሞ በቁልፍ አይጠፋም፣ ማቆሚያውን መሳብ አለብህ፣ ያን እስካስታውስ ሁለት መደብ ጎመን አለቀ። አክስቴ «አንተ ልጅ! የተማርከው ይሄን ነው?» ብላ ጭንቅላቷን ያዘች።

በማግስቱ ተቀይሜ እርሻው ዳር ቁጭ ብያለሁ፣ 9 ሰዓት ሲሆን አክስቴ ምሳ ይዛ መጣች። ጉንዳን እንዳይገባበት ብላ አገልግሉን የማርሽ ዘንጉ ላይ አንጠለጠለችው። ዘንጉ በክብደቱ ትንሽ ዘመም አለ። አጎቴ እንደ ልማዱ ከምግቡ በፊት ቁልፉን ሞከረ፣ ተነሳ። «አጥፋው!» ብዬ ጮህኩ። አገልግሉን አወረድኩ፣ ዝም። ሰቀልኩ፣ ተነሳ።

ለካ ፎሌ ላይ ካልሆነ ሞተሪኖው እንዳይዞር የሚከለክል ስዊች አለ፣ ዘንጉ ሲያልቅ በደንብ አይጫነውም። ከጾሙ በፊት አክስቴ አገልግሉን በጠዋት ቁርስ ይዛ ነበር የምትመጣው፣ ጾሙ ሲገባ ወደ 9 ሰዓት ዞረ። የጎመኑ ቀን ግን ስዊቹ ስራውን በትክክል እየሰራ ነበር፣ ያልሰራው የኔ ጭንቅላት ነው።

ዕቃው ከባህር ዳር እስኪመጣ አጎቴ ስራ አልፈታም፣ አገልግሉን ድንጋይ ሞልቶ ዘንጉ ላይ አሰረው፣ ምሳው በፌስታል መምጣት ጀመረ። አንድ ቀን ከገበያ የሚመለሱ ጎረቤት አረፍ አሉና አጎቴ «እንብላ» ሲላቸው አገልግሉን ወደራሳቸው ስበው ከፈቱት። ለረጅም ጊዜ አዩት።

«እኔስ የሰኔን ጾም ማክረር ድሮም አልወድም» ብለው ክዳኑን መልሰው ገጠሙት።