ልጆች ያሏችሁ ወላጆች፣ መኪና ስታዩ ከኋላ ወንበር ጀምሩ

አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ሊገዛ የወጣ ሰው መጀመሪያ ኮፈን ያስከፍታል። ሞተሩ ዘይት ያልባል ወይ፣ ላሜራው ስቱኮ ነክቶታል ወይ፣ ነገ ብሸጠው ያወጣል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው፤ መካኒክ ይዞ መሄድም ተገቢ ነው። ትንሽ ልጅ ያለው ቤተሰብ ግን ከኮፈኑ በፊት የኋላውን በር መክፈት አለበት። ሞተር ይጠገናል፣ ካምቢዮ ይቀየራል። የሕፃን ወንበር የማይቀበል መቀመጫን ግን ጋራዥ አያስተካክለውም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገልብጡት፤ መጀመሪያ የልጁን ወንበር ግዙ፣ ቀጥሎ መኪናውን ፈልጉ። መኪና ልታዩ ስትሄዱም ወንበሩን፣ ሜትርና የእጅ ባትሪ ያዙ።

«ልጁን እኔው አቅፌ እይዘዋለሁ» የሚሉ ወላጆች ብዙ ናቸው። ሒሳቡን እንሥራው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ተጋጭቶ በአንድ አሥረኛ ሰከንድ ውስጥ ቢቆም፣ 10 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ከእናቱ ክንድ የሚነጠቀው 140 ኪሎ ያህል ዕቃ በሚጎትት ጉልበት ነው። ይህን የሚችል ክንድ የለም። እናትና ልጅን በአንድ ቀበቶ ማሰር ደግሞ ይብሳል፤ የእናትየው ክብደት ልጁን ቀበቶው ላይ ይጨፈልቀዋል።

በአውሮፓ ደንብ የተሠራ የልጅ ወንበር ብርቱካናማ መለያ ተለጥፎበታል። መለያው ላይ 129 የሚል ቁጥር ካለ አዲሱ ደንብ ነው። በልጁ ቁመት ይመድባል፤ ልጁ ቢያንስ 15 ወር እስኪሞላው ድረስም ፊቱን ወደ መኪናው ኋላ አዙሮ እንዲቀመጥ ያዛል። 44 የሚል ካለ የቀድሞው ነው፤ እሱ በኪሎ ይመድባል፣ የጨቅላዎቹ ወንበር እስከ 13 ኪሎ ይይዛል። ፊትን ወደ ኋላ ማዞር ለምን አስፈለገ ቢባል፣ የሕፃን ጭንቅላት ከሰውነቱ አንጻር ከባድ ነው፣ አንገቱም ገና አልጠነከረም። መኪናው ከፊት ሲመታ ወደ ኋላ የተቀመጠ ልጅ ግፊቱን በሙሉ ጀርባው ይቀበላል፤ ወደ ፊት የተቀመጠው ግን ትከሻው በቀበቶ ተይዞ ጭንቅላቱ ብቻውን ይወረወራል። ወንበሩ ከፈቀደ እስከ አራት ዓመት ወደ ኋላ ማስቀመጥ ከሁሉ የተሻለ ነው። ያገለገለ ወንበር ከሆነ ፕላስቲኩ ላይ የታተመውን የምርት ቀን አንብቡ፤ አደጋ ያየ ወንበር፣ ምንም ስንጥቅ ባይታይበት፣ አይወሰድም።

ዘመድ ከአሜሪካ ለሚልክላችሁ ወንበር የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የአሜሪካ ወንበሮች በአብዛኛው የተሠሩት ቀበቶው ራሱ እንደሚቆልፍ ታስቦ ነው። ለአሜሪካ ገበያ በተሠሩ መኪኖች ቀበቶው እስከ መጨረሻው ተስቦ ሲለቀቅ ቀጭ ቀጭ እያለ ይመለሳል፣ ከዚያ በኋላ ወደ ውጭ አይሳብም። ከአውሮፓ የመጡ ብዙ መኪኖች ላይ ግን ይህ የለም፤ ቀበቶው የሚይዘው በድንገት ሲጎተት ብቻ ነው። እንዲህ ያለ መኪና ላይ የአሜሪካው ወንበር ዛሬ ጠብቆ ቢታሰር ነገ ላልቶ ታገኙታላችሁ። መኪናው አጠገብ ቆማችሁ ቀበቶውን እስከ ጫፉ ስባችሁ ሞክሩት። የማይቆልፍ ከሆነ ቀበቶውን አጥብቆ የሚይዝ የራሱ መቆንጠጫ ያለው ወንበር ያስፈልጋችኋል፤ አለበለዚያ ከቀበቶ ይልቅ በብረት መንጠቆ የሚታሰር።

የብረት መንጠቆው አይሶፊክስ ይባላል፤ አሜሪካኖቹ ላች ይሉታል። ሁለቱም የሚይዙት አንድ ዓይነት ብረት ነው። ጣታችሁን መቀመጫውና መደገፊያው በሚጋጠሙበት ስንጥቅ ውስጥ አስገቡ። ስድስት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላት ክብ ብረት ትነካላችሁ፣ ከእሷ 28 ሴንቲ ሜትር ርቆ ደግሞ ሁለተኛዋን። ካልተገኙ ወዲያው «የለውም» አትበሉ። አገር ቤት የተሰፋ የቆዳ ፎደራ ብዙ ጊዜ ብረቶቹን ይሸፍናቸዋል፤ ባትሪ አብርታችሁ ፎደራውን ገልጣችሁ እዩ። ሦስተኛ ማሰሪያም አለ፤ ወደ ፊት በዞረ ወንበር ራስጌ ላይ ያለው ማንጠልጠያ የሚያዝበት ቀለበት ነው፣ ከመደገፊያው ጀርባ ወይም ከኋላ መስተዋቱ ሥር ይገኛል። ይህ ማሰሪያ ከሌለ የልጁ ጭንቅላት በግጭት ጊዜ ወደ ፊት ብዙ ስለሚሄድ የፊተኛውን ወንበር ሊመታ ይችላል። ለአይሶፊክስ የክብደት ገደብም አለው፦ በአውሮፓ ደንብ ልጁና ወንበሩ ተደምረው 33 ኪሎ፣ በአሜሪካው 29.5 ኪሎ ገደማ። ከዚያ ሲያልፍ በመኪናው ቀበቶ ማሰር ነው።

ብረቱ ከተገኘ ወንበሩን እሰሩና ግርጌውን ይዛችሁ ግራና ቀኝ ነቅንቁት። ከሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል በላይ ከተንቀሳቀሰ አልታሰረም። ቀጥሎ የፊቱን ወንበር ወደ ቦታው መልሱና ሹፌሩ የሚሆነው ሰው ራሱ ይቀመጥ፤ ከሁለታችሁ ረጅሙ። ወደ ኋላ የሚዞር ወንበር ርዝመት ይፈጃል፤ በትናንሽ መኪኖች ላይ ከፊት ያለው ሰው ጉልበቱ ዳሽቦርዱን እስኪነካ ይገፋል። ይህን ሳይሞክር የገዛ ቤተሰብ መጨረሻ ላይ ሕፃኑን ወደ ፊት ያዞረዋል፣ ወይም ጭራሽ ጋቢና ያስቀምጠዋል። ጋቢና ደግሞ ኤርባጉ የሚሠራ ከሆነ ወደ ኋላ የዞረ ሕፃን ፈጽሞ አይቀመጥበትም፤ ኤርባጉ ሲፈነዳ የሚመታው የወንበሩን ጀርባ፣ ማለትም ከልጁ ጭንቅላት በስተጀርባ ያለውን ቦታ ነው።

ሦስት ልጅ ካላችሁ ወይም ካሰባችሁ ሜትሩ እዚህ ይሠራል። የተለመደ የልጅ ወንበር 44 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ ሦስቱ 132 ይሆናሉ። በሮቹን ዘግታችሁ ከአንዱ በር ክንድ መደገፊያ እስከ ሌላው ለኩ። ቦታው ቢበቃም የቀበቶው መቆለፊያ በወንበሩ ሥር ከተቀበረ አይሆንም። መካከለኛው መቀመጫ ላይ ያለው ቀበቶ ትከሻ የሚያልፍ ነው ወይስ ወገብ ብቻ የሚይዝ? በአገራችን ብዛት ያለው ሱዙኪ ዲዛየር፣ ዕቃ መጫኛው 378 ሊትር የሚይዝና ለአንድ ወይም ለሁለት ልጅ ምቹ የሆነ መኪና ሆኖ ሳለ፣ በአብዛኛው መካከል ላይ ያለው የወገብ ቀበቶ ነው። ከፍ ማድረጊያ፣ ማለትም ያደገ ልጅ የመኪናውን ቀበቶ እንዲያስር ከፍ የሚያደርገው ወንበር፣ በወገብ ቀበቶ አይሠራም።

ቪትስና ያሪስ ነዳጅ ቆጣቢ፣ መለዋወጫቸው የትም የሚገኝ ነው። ለአንድ ልጅ ይበቃሉ። ሁለት ወንበር ሲታሰር ግን መካከል ላይ ሰው አይገባም፤ ከኋላ የሚቀረው የዕቃ ቦታም አንድ ተጣጣፊ ጋሪና የዳይፐር ቦርሳ ይሞላዋል። ኮሮላ ለሁለት ልጅ የሚሻል ምርጫ ነው። ራቭ4 ስትገዙ እስከ 2012 እ.ኤ.አ. የተሠራው የኋላ በሩ ወደ ጎን የሚከፈት መሆኑን አስታውሱ። ማጠፊያው በቀኝ ነው፤ መንገድ ዳር ስትቆሙ በሩ እግረኛ መንገዱን ይዘጋና ዕቃ የምትጭኑት መኪና በሚያልፍበት በኩል ቆማችሁ ይሆናል፣ ልጅ በእጅ እንደያዛችሁ። አዲሱ ራሽ ሰባት ሰው ይይዛል፣ ከመሬት 22 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ሦስተኛው ረድፍ ግን ከኋላ በሩ ጋር የተጠጋ ነው፤ እዚያ ትልቅ ሰው ወይም ያደገ ልጅ ይቀመጥ እንጂ ትንሹን አታስቀምጡ።

ያገለገለ መኪና ላይ ዋጋ የማትደራደሩበት ነገር ኤርባግና ቀበቶ ነው። ቁልፉን ሞተር ሳታስነሡ አዙሩና የኤርባጉን መብራት ተመልከቱ። በርቶ ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ መጥፋት አለበት። በርቶ ከቀረ ብልሽት አለ። ጭራሽ ካልበራ ደግሞ ይበልጥ ያጠራጥራል፤ ኤርባጉ አንዴ ፈንድቶ ክዳኑ ብቻ የተተካበት፣ አምፖሉም ሆን ተብሎ የተነቀለበት መኪና አለና። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ ተዛውሮ የመጣ መኪና ከሆነ ኤርባጉ ከዝውውሩ በኋላ በሥርዓት መገናኘቱን በመመርመሪያ ኮምፒዩተር አሳዩ። የኋላ ቀበቶዎችን አንድ በአንድ እስከ ጫፋቸው ስባችሁ ጨርሱ። ሥር ላይ የተሰፋ መለያ አለ፣ የተሠራበት ዓመት ተጽፎበታል፤ ከመኪናው ዓመት ጋር ካልተቀራረበ ቀበቶው ተቀይሯል ማለት ነው፣ ምክንያቱን ጠይቁ። ጭቃና የውኃ ምልክት ካለበት መኪናው ጎርፍ ነክቶታል ማለት ሊሆን ይችላል።

ከዚሁ ጋር የታካታን ኤርባግ አትርሱ። የጃፓኑ አምራች ታካታ የሠራቸው ብዙ ሚሊዮን ኤርባጎች ውስጣቸው ያለው ኬሚካል በሙቀትና በእርጥበት ዓመታት ሲቆይ ስለሚበላሽ፣ ሲፈነዱ የብረት ስብርባሪ ይተፋሉ። በዓለም ዙሪያ መኪኖች ለቅያሪ የተጠሩበት ይህ ጉዳይ በአሜሪካ ከ2003 እስከ 2013 እ.ኤ.አ. የተሠሩ ኮሮላዎችንና ከ2006 እስከ 2012 የተሠሩ ያሪሶችን ያካትታል። የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ላይ ገልብጡና የቶዮታ ወኪል የሆነው ሞኤንኮ ጋ ጠይቁ። ፎደራን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር፦ የፊት ወንበሮች ጎን ላይ «ኤርባግ» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ካለ በላዩ ሙሉ ፎደራ አታልብሱ፣ ቢኖርም አውልቁ። ኤርባጉ ቀድዶ የሚወጣው በወንበሩ ጎን ስፌት በኩል ነው።

በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ አዲስ መኪና ማለት በአብዛኛው የኤሌክትሪክ ነው። ከቻይና የሚመጣው ፎልክስዋገን አይዲ 4 ወለሉ ዝርግ ስለሆነ መካከል ለሚቀመጥ ልጅ እግር ይመቻል፤ አይዲ 6 ደግሞ ስድስት ወይም ሰባት መቀመጫ አለው፣ ለሦስት ልጅ ከተማ ውስጥ ካሉት አማራጮች እሱን አስቀድማለሁ። ቢዋይዲ ዩዋን ፕላስ አምስት ሰው ይይዛል፣ ለሁለት ልጅ በቂ ነው። ሲገል የተባለችው የዚሁ ፋብሪካ ትንሽ መኪና ግን የተሠራችው ለአራት ሰው ነው፤ ሁለት ልጅና አንድ ሞግዚት ከኋላ አይገቡም። ከዚህ ያነሱ ባለ ሁለት በር ትናንሾች አሉ፤ የኤርባግ ቁጥራቸውን ሳታጣሩ ልጅ አትጫኑባቸው።

ቻርጅ ማድረጊያውም ልጆችን ይነካል። ተራ ሶኬት 10 አምፔር ቢሰጥ 2.2 ኪሎ ዋት ነው፤ 60 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪን ከ20 ወደ 80 በመቶ ለማድረስ ከ16 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ያን ሁሉ ሰዓት በግቢ ውስጥ በተዘረጋ ኤክስቴንሽን ላይ ልጆች ሲሮጡ ማሰብ ከባድ ነው። ከቆጣሪው ቀጥታ የራሱ መስመር፣ የራሱ ብሬከርና የመሬት ሽቦ ያለው ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ቻርጀር አስገቡ። ኮንዶሚኒየም ከሆናችሁ መኪናውን ከመግዛታችሁ በፊት ከቆጣሪው እስከ ማቆሚያችሁ ያለውን ርቀት ለኩ። ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና ሶኬቱ ጂቢ/ቲ የሚባለው የቻይና ዓይነት ነው፤ የአውሮፓውን ቻርጀር አይቀበልም።

የሙከራ ጉዞውን ብቻችሁን አትውጡ። ሙሉ ቤተሰቡ፣ ከነወንበሩ ይጫንና ኮብልስቶን የለበሰ ዳገት ላይና ፍጥነት መቀነሻ ላይ ይሞከር። ባዶውን ያልነካ መኪና ሲጫን ሆዱን ይፈጫል፤ በኤሌክትሪክ መኪና ሆዱ ላይ ያለው ባትሪው ነው። አንዳችሁ ከኋላ ተቀመጡና አየሩን አሽትቱ። የኋላ በሩ ጎማ ካረጀ ወይም የጭስ ማውጫው ከተበሳ ጭሱ የሚገባው ልጆቹ በተቀመጡበት በኩል ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ ስለሌለው የጭስ ሽታ ከተሰማችሁ እሱም አብሮ ገብቷል ማለት ነው። የኋላ በሮች ጠርዝ ላይ ያለችውን የልጆች መቆለፊያ አብርታችሁ ፈልጉ፣ ቆልፉና ከውስጥ ሆናችሁ ለመክፈት ሞክሩ። ጎማው ላይ በዶት (DOT) ምልክት መጨረሻ ያሉት አራት አሃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፦ 2319 ማለት በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛ ሳምንት ማለት ነው።

ልጁ ወንበሩ ውስጥ ሲገባ ወፍራም ጃኬት አውልቁለት፣ በጋቢ ጠቅልላችሁም አትሰሩት። ጨርቁ በግጭት ጊዜ ይሟሽሽና ቀበቶው በዚያው ልክ ይላላል። በስስ ልብስ እሰሩት፣ ትከሻው ላይ ያለውን ቀበቶ በሁለት ጣት ለመቆንጠጥ ሞክሩ፤ የሚቆነጠጥ ትርፍ ካለ አጥብቁ። ጋቢውን ከቀበቶው በላይ ደርቡለት።

ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃ የእኔ ምርጫ ግልጽ ነው። አራት መቀመጫ ካላት አዲስ ትንሽ መኪና ይልቅ ያልተጋጨ፣ ኤርባጉና ቀበቶዎቹ የራሱ የሆኑ አሮጌ ኮሮላ፣ ከጥሩ የልጅ ወንበር ጋር። ቀብድ ስትከፍሉም ቀሪው ክፍያ የሚፈጸመው የኤርባጉ ምርመራና የሻንሲ ቁጥሩ ማጣሪያ ካለቀ በኋላ መሆኑን ውሉ ላይ አስጽፉ።