ዓርብ የደረሰው የጠበቃ ደብዳቤ

አራቱም ክፍሎች ተቀርጸውና ተቀናብረው አልቀዋል። የሬዲዮ ማስታወቂያው ተከፍሎበት እየተነገረ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ሰኞ ፌብሩዋሪ 24 ቀን 1997 ሊተላለፍ ቀጠሮ ተይዞለት ሳለ፣ ዓርብ ዕለት ደብዳቤ መጣ። ላሞች ብዙ ወተት እንዲሰጡ ስለሚወጉት ሆርሞን የሚናገረው ይህ ተከታታይ ዘገባ የተሠራው ፍሎሪዳ ታምፓ በሚገኘው የቴሌቪዥን ጣቢያ፣ ቻናል 13፣ ነው። የሆርሞኑ አምራች የሞንሳንቶ ጠበቃ ግን ለጣቢያው ዜና ክፍል አልጻፈም፤ የጻፈው ኒው ዮርክ ተቀምጦ ለሚያዘው ለፎክስ ኒውስ አለቃ ለሮጀር ኤይልስ ነው።

እርማት የሚፈልግ ድርጅት ብዙውን ጊዜ ለአርታኢው ይጽፋል። ዘገባው እንዲቆምለት የሚፈልግ ግን ፊልሙን ላላየ፣ ማስረጃውን ላላገላበጠ፣ ኪሳራን ግን አሳምሮ ማስላት ለሚችል ሰው መጻፍ ይቀናዋል። ጊዜውም በደንብ የተመረጠ ነበር። ፎክስ ጣቢያውን ከነእህቶቹ የጠቀለለው ከወር ገደማ በፊት ነው። በዚያው በጃንዋሪ ወር ደግሞ ኤቢሲ ቴሌቪዥን ፉድ ላየን በተባለው የምግብ መደብር ክስ ተሸንፎ፣ ከሕዝብ የተመረጡ ዳኞች (ጁሪ) 5.5 ሚሊዮን ዶላር የቅጣት ካሳ ፈርደውበት ነበር። መደብሩ ያን ያህል የተፈረደለት ዘገባው ሐሰት ነው ብሎ አይደለም፤ የስም ማጥፋት ክስ አላቀረበም። የከሰሰው ጋዜጠኞቹ በሐሰተኛ የሥራ ታሪክ ሥጋ ክፍል ውስጥ ተቀጥረው፣ በድብቅ ካሜራ በመቅረጻቸው ነው። ገንዘቡ በኋላ በይግባኝ ወደ 2 ዶላር ወረደ፤ ያ የሆነው ግን በ1999 ነው። በፌብሩዋሪ 1997 የየጣቢያው ባለቤት ጆሮ ላይ ይጮህ የነበረው 5.5 ሚሊዮኑ ነበር።

ጄን ኤከርና ስቲቭ ዊልሰን፣ ባልና ሚስት የሆኑ የምርመራ ጋዜጠኞች፣ የያዙት ጉዳይ የወተት ላም ሆርሞን ነው። እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል፤ ብዙ ዘጋቢ የሚሳሳተው እዚሁ ጋ ነውና። ፖሲላክ በሚል ስም ሲሸጥ የነበረው መድኃኒት ላም በተፈጥሮዋ የምታመነጨው የእድገት ሆርሞን አምሳያ ነው። የላሚቱ ዘረመል ኢ. ኮላይ በተባለ ባክቴሪያ ውስጥ ገብቶ፣ ባክቴሪያው ሆርሞኑን በፋብሪካ ውስጥ ያመርታል። ዘረመሉ የተለወጠው ባክቴሪያው ነው እንጂ ላሚቱ አይደለችም፤ ወተቱም በራሱ «ጂኤምኦ ወተት» አይባልም። አንድ መርፌ 500 ሚሊግራም ይይዛል፤ ላሚቱ ከወለደች ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ተጀምሮ በየ14 ቀኑ ይወጋል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በኖቬምበር 1993 ፈቀደው፤ ሽያጩ በፌብሩዋሪ 1994 ተጀመረ።

የዘገባው ጥንካሬ ከእግር የመጣ ነው። በፍሎሪዳ ያሉ ትላልቅ የምግብ መደብሮች፣ ተጠቃሚው በሰፊው እስኪቀበለው ድረስ በሆርሞን ከሚወጉ ላሞች ወተት እንደማይገዙ ተናግረው ነበር። ኤከር በዘፈቀደ የመረጠቻቸውን ሰባት የወተት እርባታዎች ዞረች፤ ሰባቱም ይወጋሉ። ይህን ማንም ጠበቃ ሊያፈርሰው አይችልም። ቃል አለ፣ በረት አለ፣ መርፌ አለ።

የዘገባው ድካም ደግሞ አንድ ቃል ላይ ነበር፤ «ካንሰር» የሚለው ላይ። ሆርሞኑ የተወጋች ላም ወተት ውስጥ አይጂኤፍ-1 የተባለው ፕሮቲን መጠኑ ከፍ ይላል። ይህ ጭማሪ ሰው ላይ ጉዳት ያመጣል ወይ በሚለው ተቺ ሳይንቲስቶችና ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት አልተስማሙም፤ መሥሪያ ቤቱ ጭማሪው ለጤና የሚያሰጋ አይደለም ብሏል። ክርክሩን እንደ ክርክር ማቅረብ ሕጋዊም ተገቢም ነው። ግን እንዲህ ያለውን ጉዳይ የተከታታይ ዘገባ ምሰሶ ማድረግ ለጠበቃ በር ከፍቶ እንደመስጠት ነው። በአንጻሩ የጡት በሽታን እንውሰድ። ሆርሞኑ የላሞችን የጡት በሽታ አደጋ እንደሚጨምር የሚናገረው ጽሑፍ በራሱ በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ፣ በአምራቹ እጅ የታተመ ነው። ጡቷ ለታመመች ላም አንቲባዮቲክ ይሰጣታል፤ አንቲባዮቲኩ ወተት ውስጥ እንዳይገኝ የሚደረገው ቁጥጥር ምን ያህል ነው የሚለው ጥያቄ ከዚያ በቀጥታ ይወለዳል። ካናዳ በጃንዋሪ 1999 መድኃኒቱን ስትከለክል የተመረኮዘችው በላሞቹ ጤና ላይ ነበር፤ የእንስሳት ሐኪሞች ቡድን የጡት በሽታ አደጋ በ25 በመቶ ገደማ፣ የማነከስ አደጋ ደግሞ በ50 በመቶ ገደማ እንደሚጨምር ገለጸ። የሰው ጤናን የመረመረው ሌላው ቡድን ግን ጉልህ አደጋ አላገኘም። በእኛ ግምት ዘገባው ከላሚቱ ጡት ተነስቶ ወደ ብርጭቆው ቢሄድ ኖሮ፣ ካንሰር የሚለው ቃል በአንድ ምሁር አንደበት ለሁለት ዓረፍተ ነገር ያህል ቢነሳ እንኳ ግንቡን አያናጋውም ነበር። ዘገባውን ያስቆመው ግን ይህ ድካም ነው ማለት አይደለም።

በደብዳቤው ላይ ጠበቃው በፍሎሪዳ እየሆነ ያለው ነገር ለሞንሳንቶ ብቻ ሳይሆን ለፎክስ ኒውስና ለባለቤቱም ብዙ የሚያስከትል መሆኑን አሳሰበ። ጣቢያው የሰኞውን ስርጭት ለሌላ ጊዜ አራዘመው። ኩባንያው ቀድሞውኑ በካሜራ ፊት ቃሉን ሰጥቶ ነበር፤ ሌላ ቃለ መጠይቅ ተጋበዘ። ፌብሩዋሪ 28 ሁለተኛ ደብዳቤ መጣ፤ ይኸኛው ዘገባው ከተላለፈ በፎክስ ኒውስ ላይ የከፋ ነገር እንደሚከተል በግልጽ አስጠነቀቀ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ጋዜጠኞቹና ጣቢያው በሁለት አፍ ይናገሩታል። እንደ ጋዜጠኞቹ፣ ጽሑፉን 83 ጊዜ እንደገና እንዲጽፉት ተደርገዋል፤ «ካንሰር» ወጥቶ «በሰው ጤና ላይ ሊኖር የሚችል ተጽዕኖ» እንዲገባ፣ ሆርሞን ከተወጉ ላሞች የሚገኘው ወተት ከሌላው ጋር አንድ ዓይነት ነው የሚል ዓረፍተ ነገር እንዲጨመር ታዘዋል። እንደ ጣቢያው፣ ጋዜጠኞቹ ሚዛን የሳቱና እርማት የማይቀበሉ ሆነው ነበር። የመጀመሪያው ለውጥ ለአንባቢ ጥቃቅን ይመስላል። የሙያው ሰው ግን ልዩነቱን ያውቀዋል። ስሙ የተጠራ ሥጋት ማስረጃ ይጠይቃል፤ «ተጽዕኖ» የሚለው ግን ምንም አይጠይቅም፣ ምንም አይናገርም። ሁለተኛው ይብሳል፤ አከራካሪ ጉዳይን በዘጋቢው በራሱ ድምፅ እንደተቆረጠ እውነት ያስነግራል። «መሥሪያ ቤቱ ልዩነት የለውም ይላል» ማለትና «ልዩነት የለውም» ማለት አንድ አይደሉም። ጠበቆች የሚታገሉት ብዙ ጊዜ ለዚያች «ይላል» ነው።

ባልና ሚስቱ በዲሴምበር 1997 ተሰናበቱ። በኤፕሪል 1998 ከሰሱ። በ2000 ችሎቱ አምስት ሳምንት ፈጀ፤ ዊልሰን ያለ ጠበቃ ራሱ ተከራከረ። ኦገስት 18 ቀን 2000 የጁሪ ዳኞቹ ለኤከር 425,000 ዶላር ፈረዱላት፤ ዊልሰን ምንም አላገኘም።

ስለዚህ ፍርድ በየቦታው የሚጻፈው አብዛኛው ተዛብቷል፤ ስለዚህ በትክክል እንበለው። ዳኞቹ ስለ ወተቱ ደህንነት አልፈረዱም። የፈረዱት፣ ኤከር የተባረረችው ዘገባው ተዛብቶ ቢተላለፍ የአሜሪካን ስርጭት ለሚቆጣጠረው ለፌዴራል የመገናኛ ኮሚሽን እንደምታመለክት በማስፈራራቷ ነው፤ የምታመለክተውም ነገር ጥፋት ነው ብላ ለማመን በቂ ምክንያት ነበራት በማለት ነው። ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2003 የይግባኙ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው። ምክንያቱ አንድ የሕግ ነጥብ ነበር። የፍሎሪዳ የጠቋሚዎች ሕግ የሚከላከለው የጸደቀ ሕግ፣ ደንብ ወይም መመሪያ መጣሱን የጠቆመን ሠራተኛ ነው፤ ዜናን ሆን ብሎ ማዛባትን የሚከለክለው የኮሚሽኑ አቋም ግን በየጉዳዩ ውሳኔ የዳበረ ፖሊሲ እንጂ በሥርዓቱ የጸደቀ ደንብ አይደለም ተባለ። «ፍርድ ቤት በዜና መዋሸት ይቻላል አለ» የሚለው ወሬ የመጣው ከዚህ ነው፤ ፍርድ ቤቱ እንዲህ አላለም፣ ውሸት ተነግሯል አልተነገረም ወደሚለው መግባትም አላስፈለገውም። በነገራችን ላይ አምስት ትላልቅ የሚዲያ ኩባንያዎች በይግባኙ ከፎክስ ጎን ቆመው ሐሳባቸውን አቅርበዋል፤ የአርታኢና የዘጋቢ ጭቅጭቅ ሁሉ ወደ ችሎት እንዳይሄድባቸው ፈርተው። ከዘጋቢው ጎን ይቆማል ተብሎ የሚታሰበው ወገን ማለት ነው።

ይህ ወደ እኛ ሠፈር ሲመጣ ሆርሞኑ በጥጥ ይተካል። ኢትዮጵያ የደህንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001ን በ896/2007 አሻሽላ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ሁለት የቢቲ ጥጥ ዲቃላ ዝርያዎችን ለምርት ፈቀደች። እዚህ ላይ ዘጋቢን ለጠበቃ አሳልፈው የሚሰጡ ስህተቶች የታወቁ ናቸው። ቢቲ ጥጥ ከአፈር ባክቴሪያ በተወሰደ ዘረመል ጓይ ትልን የሚከላከል ነው፤ ፀረ አረም ከሚቋቋም ሰብል ጋር ቀላቅሎ ግላይፎሴት ስለተባለው ፀረ አረም የሚጽፍ ሰው ሁለት ቴክኖሎጂ አምታቷል። ገበሬው ዘሩን በየዓመቱ የሚገዛው ዲቃላ ስለሆነ፣ በሁለተኛው ትውልድ ምርቱ ስለሚወርድና አንድ ወጥ ስለማይሆን ነው፤ «መካን ዘር» የተባለው ቴክኖሎጂ ለገበያ ቀርቦ አያውቅም። ዋጋን፣ የዘር አቅራቢን ብዛት፣ በሰብል ውድቀት ጊዜ ማን ይጠየቃል የሚለውን መጠየቅ ግን ሙሉ በሙሉ ሜዳው የዘጋቢው ነው። በአዋጆቹ ቋንቋ «ልውጥ ሕያዋን» የሚለው ቃል ትርጓሜ ተሰጥቶታል፤ «መርዛማ ዘር» ትርጓሜ የለውም።

እንዲህ ያለ ዘገባ ሲሠራ ለእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ሦስት ነገር በአንድ ገጽ ላይ ይቀመጥ፤ የተባለው፣ ሰነዱ ከነገጽ ቁጥሩ፣ የኩባንያው መልስ ከነቀኑ። ጥያቄው ለኩባንያው በጽሑፍ፣ የመመለሻ ቀን ተቆርጦለት ይላክ። እያንዳንዱ ረቂቅ ቀንና ቁጥር ይኑረው፣ ማን የትኛውን ቃል እንደለወጠና ለምን እንደሆነ ከጎኑ ይጻፍ፤ በቃል የመጣ ትእዛዝ በዚያው ቀን በኢሜይል ይረጋገጥ። 83 የሚለው ቁጥር ችሎት ፊት ሊነሳ የቻለው ረቂቆቹ ስለተቆጠሩ ነው። ከሁሉ በፊት ደግሞ ማንን ሕግ እንደሚከልል ይጣራ። የአገራችን የወንጀል ጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ስሙ እንደሚለው የሚያየው ወንጀልን ነው፤ አለቃው አንድ ዓረፍተ ነገር ቀይር ያለው ዘጋቢ እዚያ ውስጥ ራሱን አያገኝም። የሚቀረው በዋናነት የሥራ ውሉና የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ነው፤ ስለዚህ የማሰናበቻውን አንቀጽ የመጀመሪያው ደብዳቤ ሳይመጣ ያንብበው።